ቡናው ከምሳ በፊት ይፈላ

ጅማ ላይ "ቡና ተዉ" የሚል ምክር አይሠራም። እኔም አልልም። ሰዓቱን ቀይሩት ነው የምለው።

ነገሩ የገባኝ እህቴ እርጉዝ ሳለች ነው። ለክትትል ስትሄድ የደም ማነስ አለብሽ ተባለችና የአይረን (የብረት ማዕድን) ክኒን ተሰጣት። አንድም ቀን አልዘለለችም። ግን እንዴት ነበር የምትወስደው? ምሳ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ጀበናው ከከሰሉ ወርዶ አቦሉ ሲቀዳ፣ ክኒኗን ታወጣና በዚያው በትኩሱ ቡና ታወራርደዋለች። ከወር በኋላ ስትለካ ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ከአይረን የሚሠራው ኦክስጅን ተሸካሚ፣ ብዙም ፈቀቅ አላለም። ነርሷ "በምንድን ነው የምትውጪው?" ብላ ስትጠይቃት ነው ሁላችንም የነቃነው።

ቡና ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባሉ ነገሮች አሉ። አንጀት ውስጥ አይረኑን ይይዙትና አብረው በሰገራ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣ አንድ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን አይረን በ39 በመቶ ቀነሰው፤ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ከበሉ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ቡናም ያንኑ ያህል ጎዳ። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልነካም። ስለዚህ ምሳ 7 ሰዓት ከሆነ ጀበናው 5 ሰዓት ላይ ይጣድ፣ በረካው እስከ 6 ሰዓት ያልቃል። ይሄ ካልተመቸ ወደ 10 ሰዓት ይሂድ።

አሁን አይረኑን ከአፍ ጀምረን እንከተለው። የሚገባው በዋናነት ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ነው። ከሥጋና ከጉበት የሚገኘው ይቀለዋል፤ ከ15 እስከ 35 በመቶው ይገባል። ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከጎመን የሚገኘው ግን እንዳለ አይገባም፣ መጀመሪያ መልኩ መለወጥ አለበት። እዚህ ላይ ቫይታሚን ሲ ይረዳዋል። ሽሮው ላይ ጥሬ ቃሪያ፣ ምስሩ ጎን ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ፣ ከምግቡ በኋላ ብርቱካን ወይም ፓፓያ። አብሮ መበላቱ ነው ቁም ነገሩ፤ ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታው ሽሮ አይደርስለትም። ትንሽ ሥጋ ጣል ቢደረግበትም የእህሉ አይረን አብሮ ይሻላል።

ጤፍ አይረን አለው ይባላል፣ አለውም። ግን ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ እሱን ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በዚያ ላይ እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል አይረንን አስሮ የሚይዝ ነገር አለ። ደግነቱ ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን የከረመ ሊጥ ከአፍለኛ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

አንጀት ያለፈው አይረን ደም ውስጥ ብቻውን አይዞርም። ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን ይሸከመዋል፣ አንዱ ትራንስፈሪን ሁለት የአይረን አተም ይይዛል። አብዛኛውን የሚያደርሰው ቀይ የደም ሴል ወደሚሠራበት ወደ መቅኒ ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖርና ያረጃል። ያን ጊዜ ጣፊያና ጉበት ያፈርሱትና አይረኑን መልሰው ለመቅኒ ይልኩታል። በቀን ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም የሚሆነው የሚገኘው ከዚህ ከአሮጌው ደም ነው፤ ከምግብ የሚጨመረው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ። ትንሽ ትመስላለች። ግን በወር አበባ፣ በእርግዝናና በወሊድ የሚወጣውን የምትተካው እሷ ናት፣ በቡና የምናባክናትም እሷኑ ነው።

የተረፈው ፌሪቲን በሚባል ፕሮቲን ውስጥ ይቀመጣል፣ ይበልጡን ጉበት ውስጥ። ልክ እንደ ጎተራ ነው። ሰውነት ሲቸገር መጀመሪያ ጎተራው ይራቆታል፣ ሄሞግሎቢን የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ድካሙ ካልለቀቃችሁ፣ ሄሞግሎቢናችሁም ደህና ነው ከተባላችሁ፣ ፌሪቲን መለካት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

አይረን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን በር የሚጠብቀው ደግሞ ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ነው። አይረን ሲበዛ ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር ከፍ ይልና አንጀቱን ይዘጋዋል። ክኒን ከተዋጠ በኋላም ለአንድ ቀን ያህል ከፍ እንዳለ ይቆያል። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ሐኪሞች ክኒኑን ቀን እየዘለሉ እንዲወሰድ ያዛሉ። እርጉዞች ግን ከሚከታተላችሁ ባለሙያ ጋር ሳትነጋገሩ የታዘዘውን እንዳትቀይሩ፣ አደራ።

ክኒኑን በውኃ ዋጡት፣ በብርቱካን ጭማቂም ይሆናል። በወተትም በሻይም አይሁን። ሆድ ካቃጠለ ከትንሽ ምግብ ጋር ይወሰድ፣ ጨርሶ ከመተው ይሻላል። ሰገራ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ። ግን ሕፃን የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት፤ ብዙ ክኒን የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል። ደም ማነስ የሌለበት ሰውም ዝም ብሎ አይውሰድ፣ ሰውነት የተረፈውን አይረን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም።

ሁሉም ደም ማነስ ደግሞ ከምግብ አይመጣም። በባዶ እግር ሲኬድ ከአፈር በቆዳ ገብቶ አንጀት ላይ የሚጣበቅ፣ ደም የሚመጥ ትል አለ፣ ሁክዎርም ይሉታል። ወባም ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ቡና ለቀማ የሚውሉ ዘመዶች ካሏችሁ ጫማውንም የሰገራ ምርመራውንም አስታውሷቸው።

እህቴ ክኒኑን ማታ፣ ከመተኛቷ በፊት በውኃ መውሰድ ጀመረች። ቀጥሎ ስትለካ ከፍ ብሎላት ነበር። ግን ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ጎተራው እስኪሞላ 3 ወር ያህል መቀጠል ስላለበት ከወለደች በኋላም አላቋረጠችም። እናታችንም ጀበናዋን ከምሳ በፊት መጣድ ለምዳለች። መጀመሪያ ግር ያላቸው ጎረቤቶችም አሁን በ5 ሰዓት ስኒ ሲንኳኳ ሰምተው ይመጣሉ።