በትዳር ውስጥ ኩርፊያ እንዴት ይፈታል?

እኔ ከኩርፊያ ጭቅጭቅ ይሻላል ባይ ነኝ። የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ቢያንስ ይነጋገራሉ። ኩርፊያ የገባበት ቤት ግን «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው» እየተባለ በልጅ መልእክት ሳምንት ያልፋል። በዚህ መሃል እንጾማለን፣ እናስቀድሳለን። ዲያቆኑ በቅዳሴ ላይ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል አጠገባችን ለቆመ ለማናውቀው ሰው አንገታችንን ዝቅ አድርገን ሰላም እንላለን። ሚስት በሴቶቹ በኩል ናት፤ ሰላምታው እሷ ጋ አይደርስም። ቤት ይዘነው መግባት ያለብን ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ቁጣው ይብረድ። ወጣ ብላችሁ ተመለሱ፣ ጸልዩ። ግን አታሳድሩት፤ ኤፌሶን 4፥26 «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል። ደክሟችሁ መነጋገር ካልቻላችሁ «ነገ ቁጭ ብለን እናወራለን» ተባብላችሁ ተኙ።

ማን ይጀምር? «ያጠፋችው እሷ፣ እሷ ትምጣ» የሚል ሰው ማቴዎስ 5፥23-24ን ረጋ ብሎ ያንብብ። መባህን ይዘህ መሠዊያው ፊት ስትቆም ወንድምህ በአንተ ላይ ቅሬታ እንዳለው ካሰብክ፣ መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ ነው የሚለው። ጥፋተኛው ይለይ አላለም። ትዝ ያለው ይነሳል፣ በቃ።

ከባዱ ይቅርታ አጠያየቁ ነው። «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» ማለት ጥፋቱ መኖሩን መጠራጠር ነው። «ይቅርታ፣ ግን አንቺም...» ደግሞ የባሰ ነው፤ ጠቡን እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ያደረጋችሁትን ሳታለሳልሱ ተናገሩ፦ «ትናንት በእህትሽ ፊት እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም። አሳፍሬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ከዚያ አፋችሁን ዝጉ። ብዙ እርቅ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም እሷ መናገር ስትጀምር የአምናውም የካቻምናውም አብሮ ይወጣል፣ እናንተም «ያኔማ እንዲህ ስላልሽኝ ነው» ማለት ያምራችኋል። አትበሉ። ያዕቆብ 1፥19 ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገር የዘገየ የሚለው ለዚህች ሰዓት ነው። ስትጨርስ የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሯት፤ ያልገባችሁ ካለ ታርማችኋለች። የእናንተ ቅሬታ ሌላ ቀን ይቆይ።

በቴሌግራም ጽፋችሁ ይቅርታ አትጠይቁ። ጽሑፍ ድምፅና ፊት የለውም፣ ሰው በገባው መንገድ ያነበዋል። አንዳችሁ ዱባይ ወይም ቤሩት ከሆናችሁ ደውሉ። ሥጋ ወይም ሽቶ ገዝቶ ምንም እንዳልተፈጠረ መግባትም እርቅ አይባልም፤ ስጦታው ደስ ይላል፣ ግን ከይቅርታው በኋላ ይምጣ።

ይቅር የምትሉትም ሥራ አለባችሁ። ፍቅር «በደልን አይቆጥርም» ይላል 1ኛ ቆሮንቶስ 13፥5፤ ስለዚህ ይቅር ያላችሁትን በሚቀጥለው ጠብ መልሳችሁ አታምጡት። ሕመሙ ቶሎ ካልለቀቃችሁ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን ጊዜ ስጠኝ» ማለት ይቻላል።

ሁለታችሁ ካልቻላችሁ ሦስተኛ ሰው ጥሩ። ማቴዎስ 18፥15-16 ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል፦ አስቀድሞ ብቻ ለብቻ፣ ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር። የነፍስ አባት ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ይሁን። እናቶቻችሁን ባታስገቡ እመርጣለሁ፤ እናንተ ታርቃችሁ እነሱ ቂሙን ይዘው ይቀራሉ።

ዱላ ባለበት ቤት ግን ይህን አትሞክሩ። የምትደበደብ ሴት መጀመሪያ ደኅና ቦታ ትሂድ፣ ለምታምነው ሰውና ለፖሊስ ትንገር። «ታገሺ» ብሎ ወደ ዱላ መመለስን ክርስቲያናዊ ፍቅር ብዬ አልጠራውም።

ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ጋርም አካሄዱ ያው ነው፣ አጠር ይላል እንጂ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሰውየውን በሰው ፊት ካዋረዳችሁት፣ ለብቻው ይቅርታ ከጠየቃችሁ በኋላ እዚያ ለነበሩትም «የዚያን ቀን ያልኩት ልክ አልነበረም» በሏቸው።