የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክታችሁ ኮድ የት ይቀመጥ? ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጊት የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። ጊት ይሻላል ወይስ ሌላ የሚለው ክርክር ከሞላ ጎደል አልቋል። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን የጀመረው በ2005 ነው። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች በነፃ ይጠቀሙበት የነበረው ተመሳሳይ መሳሪያ ቢትኪፐር ነፃ ፈቃዱን ሲያነሳባቸው ማለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የጊት ተፎካካሪ መርኩሪያል ለጀማሪ ቀለል ይላል ይባላል፤ ግን የፓይተን ቋንቋ ፕሮጀክት በ2017 ትቶት ወደ ጊት ዞረ፣ የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጹ ቢትባኬትም በ2020 መርኩሪያልን አስወጣ። ስለዚህ ጊትን ያዙ። ጣጣው ያለው ኮዱ የት ይቀመጥ የሚለው ላይ ነው።

ኮዱ ዚፕ ሆኖ በቴሌግራም ይዞራል

«የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻው»። የቱ እንደሚሰራ የሚያውቀው የላከው ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱ ሁሉም የሚያየው አንድ ቦታ አለመኖሩ ነው። ዛሬውኑ አንድ ሪፖ (ኮዱና ታሪኩ የሚቀመጥበት) ክፈቱ፤ ብራንች (ጎን ለጎን የሚሄድ የኮድ መስመር) ምናምን ሳትሉ በአንዷ ዋና ብራንች ጀምሩ። ላይሰንስ ፋይሉን (የአጠቃቀም ፈቃዱን) ግን በመጀመሪያው ቀን አስገቡ። ላይሰንስ የሌለው ኮድ ለሁሉም ስለታየ ብቻ ኦፕን ሶርስ አይሆንም፤ መብቱ የጸሐፊው ነው፣ ጠንቃቃ ሰውም አይነካውም።

ክሎን 80 በመቶ ደርሶ ይቆረጣል

ኮኔክሽን በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሰራ ሰው ይሄ የየዕለት ብስጭት ነው። ጊት ክሎን (ሪፖውን ወደ ኮምፒውተር መቅዳት) ሲቋረጥ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። በዚያ ላይ የሚያወርደው የዛሬውን ኮድ ብቻ ሳይሆን የፕሮጀክቱን ታሪክ በሙሉ ነው።

መጀመሪያ ዴፕዝ 1 (--depth 1) የሚለውን አማራጭ ሞክሩ። የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ሁኔታ) ብቻ ያወርዳል፣ የቀረውን ታሪክ በኋላ ቀስ እያላችሁ መሳብ ትችላላችሁ። እሱም እምቢ ካለ ጊት ባንድል አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ግሩም ነገር ነው። ደህና ኢንተርኔት ያለው አንድ ሰው ሪፖውን በሙሉ አንድ ፋይል ያደርገዋል። ፋይሉን ካቆመበት በሚቀጥል ዳውንሎደር ማውረድ ወይም በፍላሽ መቀበል ይቻላል። ከፋይሉ ክሎን አድርጋችሁ ሪሞቱን (ጊት የሚስብበትን አድራሻ) ወደ እውነተኛው አድራሻ ትቀይራላችሁ። ከዚያ በኋላ የምትስቡት አዲስ የገባውን ብቻ ነው።

ሪፖው ራሱ ከልክ በላይ ከከበደ ግን ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም። የሆነ ሰው ቪዲዮ ወይም ዳታቤዝ ኮሚት አድርጓል ማለት ነው። ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፣ ታሪኩ ውስጥ ይኖራል። ብዙ ሰው ኮዱን የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ከዚያ ያነሱት ግን ተጠራቅመው ያስቸግራሉ። ፊልተር ሪፖ (git filter-repo) በሚባለው መሳሪያ ከታሪኩ ማውጣት ይቻላል። የኮሚቶቹ መለያ ስለሚቀየር ግን ሁሉም ሰው እንደገና ክሎን ማድረግ አለበት፤ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የአማርኛ ፋይል ስም ቁጥር ሆኖ ይመጣል

«ሰላም» ብላችሁ የሰየማችሁት ፋይል ጊት ስቴተስ (የለውጦቹን ዝርዝር) ስታዩ \341\210\260\341\210\213\341\210\235 ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም። ጊት ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች) ውጭ ያለውን ፊደል በቁጥር ነው የሚያሳየው። ኮትፓዝ (core.quotePath) የሚለውን ሴቲንግ ፎልስ አድርጉት፣ አለቀ።

ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ፑሽ ግን እምቢ ይላል

ጊትሃብ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ለፑሽ (ለውጥን ወደ ጊትሃብ ለመላክ) የአካውንት ፓስወርድ አይቀበልም። ቶክን (በፓስወርድ ፈንታ የሚገባ ኮድ) አውጡ ወይም ኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮምፒውተራችሁን የሚያስተዋውቅ የቁልፍ ፋይል) ተጠቀሙ። የቢሮው ኔትወርክ ፖርት 22ን ከዘጋ ጊትሃብ ኤስኤስኤችን በ443 በኩልም ያስተናግዳል።

ሪፖው በአንድ ልጅ አካውንት ላይ ነው፣ ልጁ የለም

ስልኩ ጠፍቶ ባለሁለት ደረጃ መግቢያው ተዘግቶበት ይሆናል፣ ወይም ስራ በዝቶበታል። ኮዱ ሁላችሁም ጋ አለ፤ አዲስ ሰው የመጨመር መብት ግን የእሱ ብቻ ነው። ይህ ሳይደርስ ኦርጋናይዜሽን (የጋራ አካውንት) ክፈቱ፣ በነፃ ነው፤ ሪፖውን ወደዚያ አዛውሩና ቢያንስ ሁለት ባለቤት ይኑረው። ሪከቨሪ ኮዶቹን (ስልክ ሲጠፋ አካውንቱን የሚከፍቱትን) ወረቀት ላይ አትሙ።

ያስቀመጣችሁበት ቦታ ቢዘጋስ?

ሆስት (ኮዱ የተቀመጠበት ድረ ገጽ) የኪራይ ቤት ነው። ጎግል ኮድ በ2016 ተዘጋ። ጊቶሪየስ በ2015 ጊትላብ ገዝቶት ቀረ። ሶርስፎርጅ በዚያው በ2015 ጊምፕ የተባለውን የምስል ማረሚያ ፕሮግራም የዊንዶውስ ኢንስቶለር ከማስታወቂያ ጋር ጠቅልሎ ሲያቀርብ ተገኘ። በ2019 ደግሞ ጊትሃብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት የኢራንና የሶሪያ ተጠቃሚዎችን አገልግሎት ገደበ።

ታዲያ የራሳችንን ሰርቨር እናቁም? የሊኑክስ ዴስክቶፕ የሚሰሩት ጂኖምና ኬዲኢ የጊትላብን ሶፍትዌር በራሳቸው ያስተዳድራሉ፤ እነሱ ግን ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው አላቸው። ሶስት በጎ ፈቃደኛ ያለው ፕሮጀክት እዚህ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። እኔ የምመክረው ሰው የሚገኝበት ጊትሃብ ላይ መስራትና ቅጂውን በርሊን ባለው ለትርፍ ያልቆመ ማህበር በሚያስተዳድረው ኮድበርግ ላይ ማስቀመጥ ነው። የንግድ ድርጅት ጭራሽ አልፈልግም ካላችሁ ኮድበርግን ዋና አድርጉት፤ አስተዋጽኦ አድራጊው ሊያንስ እንደሚችል ግን አውቃችሁ ግቡበት።

ቅጂውን ሚረር (--mirror) በሚለው ፑሽ በየሌሊቱ ማደስ ይቻላል። ተጠንቀቁ፣ ይህ ፑሽ ዋናው ላይ የሌለን ብራንች ከቅጂውም ይሰርዛል፤ ስለዚህ ቅጂው ላይ ማንም አይስራ። ደግሞ ጊት የሚያዛውረው ኮዱን ብቻ ነው። ኢሹዎቹ (የችግርና የሀሳብ መዝገቦቹ) እና የፑል ሪኩዌስት (ለውጤ ይግባልኝ የሚል ጥያቄ) ውይይቶቹ ሆስቱ ጋ ይቀራሉ። ኮድበርግ የሚሰራበት ፎርጄዮ የተባለው ሶፍትዌር ሪፖ ስታስገቡ እነሱንም ከጊትሃብ አብሮ ማምጣት ይችላል፤ ያንን የሚያደርገው ግን ሙሉ ዝውውር ስታደርጉ ነው። እስከዚያው ትልልቅ ውሳኔዎችን ኢሹ ላይ ብቻ አትተዉ፤ ለምን እንደተወሰኑ ጭምር ሪፖው ውስጥ በአንድ ፋይል ጻፉ። በየጥቂት ወሩም ከቅጂው ክሎን አድርጋችሁ ፕሮግራሙ ቢልድ መሆኑን (ከኮዱ ተገንብቶ መስራቱን) እዩ።