የማርያም መቀነትን ከደጃፍ ላይ ፎቶ ለማንሳት

ይቺ ምክር ለደብረ ብርሃን ልጆች ናት፤ ለአንኮበርና ለመንዝም ትሆናለች። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። ለፀሐይዋ ጀርባችሁን ስጡ። ጥላችሁ ወደሚያመለክትበት፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ቀስተ ደመናው የሚወጣው እዚያ ነው። ቀትር ላይ ግን አትድከሙ፤ ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አይታይም። ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ምርጥ ነው።

ሙሉ ቅስቱ እንዲገባላችሁ 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ተጠቀሙ። ስክሪኑን ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ ቀለሙ ይደምቃል። እኔ ሁሌም የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ወይም ባሕር ዛፍ ከሥር አስገባለሁ። ቅስቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው። ካሜራችሁ ላይ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ፣ ሌንሱ ላይ የሚዞር ማጣሪያ) ካለ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በአንድ በኩል ቀለሙን ያጎላዋል፣ በሌላ በኩል ጨርሶ ያጠፋዋል!

ፎቶ የምታነሱት አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ድምፁ የመጣበትን ቦታ አትዩ። ድምፅ 10 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 30 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ አውሮፕላኑ ቀድሞ ሄዷል። በሚሄድበት አቅጣጫ ከድምፁ ቀደም ብላችሁ ፈልጉት። ፎከሱን ሩቅ ላይ ቆልፉ፣ የካሜራውን የመዝጊያ (ሻተር) ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ አድርጉና በተከታታይ አንሱ። በመስኮት የምታነሱ ከሆነ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጠፍ አድርጉት፤ የክፍሉን መብራትም አጥፉ።