መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጅ አልነሳ ካለ

እኛ ኮምቦልቻ መብራት ሄደ ብለን ሳንጨርስ ይመጣል። ፍሪጅ የሚቸገረው ያኔ ነው። እምምም ይላል፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ጠቅ ይልና ዝም፤ ደግሞ እምምም። የእናቴ ፍሪጅ እንዲህ ሲሆን አንድ ባለሙያ መጥቶ "ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል" አለን። አልተቃጠለም ነበር። እባካችሁ ኮምፕሬሰር ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ጉዳዩ ያለው ኮምፕሬሰሩ ጎን ላይ በተሰካችው ትንሽ ስታርተር ውስጥ ነው። በብዙ ፍሪጆች ውስጧ 25 ሳንቲም የምታህል ግራጫ ክብ አለች። ባሪየም ታይታኔት የሚባል ኦክሳይድ ናት። ንጹሑ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እንደ ላንታነም ያለ ነገር በጣም በትንሹ፣ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ሲጨመርበት ግን ያሳልፋል።

ስትቀዘቅዝ የክሪስታሏ ቅርጽ በአንድ በኩል ትንሽ እንደተሳበ ሳጥን ነው። 120 ዲግሪ አካባቢ ስትደርስ የሳጥኑ ጎኖች ሁሉ እኩል ይሆናሉ። በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ግን ቅንጣቶቿ በሚነካኩበት ድንበር ላይ ከረንቱን የሚያግድ ግድብ አለ፣ ያንን ግድብ ዝቅ አድርጎ የያዘው የተሳበው ቅርጽ ነበርና እሱ ሲጠፋ ግድቡ ይነሳል፣ ሬዚስታንሷም፣ ማለት ከረንት የመከልከል አቅሟ፣ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይዘላል።

የተሠራችውም ለዚሁ ነው። የኮምፕሬሰሩ ሞተር ሲነሳ ከረንት በእሷ በኩል ወደ ማስነሻው ጥቅልል ያልፋል፤ ወዲያው በጣም ትሞቅና መንገዱን ትዘጋለች። ፍሪጁ እስከሠራ ድረስ እንደጋለች ናት። መብራቱ በ10 ሰከንድ ተመልሶ ከመጣ መንገዱ ገና ዝግ ነው፣ ሞተሩ የሚያስነሳው አጥቶ ያቃስታል፣ ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው ማጥፊያ፣ ኦቨርሎዱ፣ ጠቅ ብሎ ያጠፋዋል።

ስለዚህ ሶኬቱን ንቀሉና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣ ፍሪጁም ይነሳል። እናቴ አሁን መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የምትነቅለው እሱን ነው። ስታቢላይዘር የምትገዙ ከሆነ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገየውን ምረጡ።

ቀዝቅዞም እምቢ ካለ ሶኬቱ እንደተነቀለ ስታርተሯን አውጡና ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቋት። ከተንኳኳች ክቧ ተሰባብራለች። ካልተንኳኳች በመልቲሜትር ለኳት፤ ደህናዎቹ ሲቀዘቅዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ኦም በታች ያሳያሉ፣ ምንም ካላነበበ ሞታለች። አትጠገንም፣ ትቀየራለች። ስትገዙ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ፣ ላይዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአዲሷ ጋር መግጠም አለበት።