ባሕር ዳር ላይ አበባ የሚቀስሙ ወፎችን እንዴት እናያለን?

ሎሪኬት የሚባለውን የአውስትራሊያ በቀቀን በፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ጭንቅላቱ ሰማያዊ፣ ደረቱ ብርቱካናማና ቀይ፣ ክንፉ አረንጓዴ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ምላሱ ነው። ጫፉ ላይ እንደ ብሩሽ የቆሙ ጥቃቅን ነገሮች አሉት፤ ሌሎች በቀቀኖች ፍሬ ሲሰብሩ እሱ በዚህ ምላስ የአበባውን ወለላና ብናኝ እየጠረገ ይበላል። ወለላው ጉልበት፣ ብናኙ ፕሮቲን ይሆነዋል።

ሎሪኬት ጣና ዳር የለም። የሚቀስማቸው ዛፎች ግን ሞልተዋል! ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና ቦትል ብራሽ ሦስቱም የመጡት ከዚያው ከአውስትራሊያ ነው። ታዲያ እዚህ ማን ይቀስማቸዋል? ሄዳችሁ እዩ።

መጀመሪያ ያበበ ዛፍ ፈልጉ። ሐይቁ ዳር ያሉ የሆቴልና የመዝናኛ ግቢዎች ጥሩ ናቸው። ቦትል ብራሽ ቀይ፣ ግራቪሊያ ብርቱካናማ አበባ አለው።

ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ አለበለዚያ ቀለሙ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታያችሁ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ዛፍ ለዛፍ አትዙሩ፤ አበባው ካለ ወፉ ራሱ ይመጣል።

ሲመጣ ምንቃሩን እዩ። ቀጭንና ወደ ታች ቆልመም ያለ ከሆነ በቀቀን አይደለም፣ ሰንበርድ የምትባለው ትንሽ ወፍ ናት። የሷ ምላስ ቱቦ መሳይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ወለላውን ትመጥጣለች። አበባው ጥልቅ ከሆነባት ሥሩን በምንቃሯ ወግታ ትጠጣለች፣ ይህን ካያችሁ ዕድለኞች ናችሁ። አንዱ ዓይነት ላይ የወንዱ ደረት ደማቅ ቀይ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል።

በቀቀንም ካማራችሁ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። እዚያ ጫካ ውስጥ ግንባሩ ቢጫ፣ ሰውነቱ አረንጓዴ የሆነ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ በቀቀን አለ። እሱን አበባ ላይ ሳይሆን ፍሬ ያፈራ ዋርካና ሾላ ላይ ፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ ከማየታችሁ በፊት ጩኸቱን ትሰማላችሁ።

ግቢ ካላችሁ ደግሞ እሬት ወይም ራስ ክምር ትከሉ፣ ሰንበርዶቹ ይወዱታል። ስኳር በጥብጣችሁ ወይም ዳቦ ፈርፍራችሁ ግን አትስጡ። አውስትራሊያ ውስጥም ሰው በፍቅር የሚሰጠው እንዲህ ያለ ምግብ ሎሪኬቶችን ይጎዳል፤ ከአበባው የሚያገኙትን ምግብ አይተካላቸውም።