አልገራ ያለ ወጣት ፈረስ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አዳማ ላይ ለጋሪ ብሎ ወጣት ፈረስ የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ይሄ እልኸኛ ነው» ማለት ይጀምራል። ከዚያ አለንጋው ይወጣል። እኔ ፈረስ ሲያስቸግር አስቀድሜ ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው፦ ምን አስፈራው? የቱ ጋ አመመው? እልህ ሦስተኛ ነው። እዚያ የሚያደርስ ጉዳይ ብዙም አይገጥምም።

ልትይዙት ስትጠጉ ይሸሻል

ሰው ወደ እሱ የሚመጣው ሊያስረው፣ ሊጭነው ወይም መርፌ ሊያስወጋው ብቻ ከሆነ ለምን ቆሞ ይጠብቃል? ሌላም ምክንያት አለ። የፈረስ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። ግንባሩ ሥር ያለውንና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ግን አያይም። እጃችሁን ዘርግታችሁ ፊት ለፊት ስትሄዱበት መዳፋችሁ ግንባሩ ጋ ሲደርስ ይሰወርበታል።

ገመዱን ትታችሁ ግቡ። በትከሻው በኩል፣ ዓይን ዓይኑን ሳታዩ፣ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። አንገቱ ሲወጠር እዚያው ቁሙ። ጭንቅላቱን ዝቅ ካደረገ ወይም ማላመጥ ከጀመረ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። አዎ፣ ተመለሱ። ፈረስ የሚማረው ጫናው በሚነሳለት ቅጽበት ነው። ሲረጋጋ ከራቃችሁለት መረጋጋት እንደሚያዋጣው ይገባዋል። ከሮጠ አታባርሩት፤ እስኪቆም ጠብቁና እንደገና ጀምሩ።

ሲያስጠጋችሁ ግንባሩን መታ መታ አታድርጉ። ጋማው የሚያልቅበትን፣ ከትከሻው በላይ ያለውን ጉብታ በጣታችሁ እከኩለት። ፈረሶች እርስ በርስ በጥርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው፤ ሲታከኩ የልብ ምታቸው ይቀንሳል። ደስ ሲለው የላይኛው ከንፈሩ ሾል ብሎ ይንቀጠቀጣል። ያንን ካያችሁ የዛሬው ትምህርት አበቃ። ልጓም አታምጡ።

ሲታሰር ወደ ኋላ ይጎትታል

ገመዱ ሲስበው እሺ ብሎ መምጣትን ሳይማር ግንድ ላይ ታስሯል ማለት ነው። ገመዱን በእጃችሁ ይዛችሁ በቀስታ ወጠር አድርጉ። ግማሽ እርምጃ እንኳ ወደ እናንተ ከመጣ ወዲያው አላሉለት። ይህን ሳያውቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር አንገት ያስጎዳል። ማሰር ሲጀመርም ቋጠሮው በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን።

እግሩን አያስነሳም

በሦስት እግር መቆም ለወጣት ፈረስ ከባድ ነው። አንስታችሁ ወዲያው፣ እሱ ሳይነጥቃችሁ፣ መልሱለት። ቆይታውን ቀስ በቀስ አስረዝሙ። አንዱን እግር ብቻ ከከለከላችሁ ግን ኮቴው ውስጥ ጠጠር ወይም ቁስል ፈልጉ።

ልጓም ሲያይ አንገቱን ይሰቅላል

አፉን እዩለት። ፈረስ የወተት ጥርሱን መቀየር የሚጀምረው 2 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው፤ እስከ 4 ዓመት ተኩል አካባቢ ይቀጥላል። በዚያ ላይ ከመንጋጋው ፊት ትንሽ ትርፍ ጥርስ ያላቸው አሉ፤ ብረቱ ሲነካባቸው ያማል። የዛገ ብረትና ሽቦማ ከሆነ ምን ይወራል። የእንስሳት ሐኪም እስኪያየው ድረስ በልባብ ብቻ አሠልጥኑት። ልባብ ብረት የለውም፤ ትከሻውን እያከካችሁ ታጠልቁለታላችሁ።

መንገድ ላይ ይደነብራል

የአዳማ ነገር እዚህ ላይ ይለያል። ከተማዋ ነፋሻ ናት፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫው አጠገቧ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ነፋስ ሲበረታ ፈረስ ድምፁና ሽታው ከየት እንደመጣ ይጠፋበታል፣ ይሸበራል። በዚያ ላይ በአየር የሚንሳፈፍ ፌስታል፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው ተሳቢ። እንዲህ ባለ ቀን አስፋልት አጠገብ ማሠልጠን አይሆንም።

ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ መኪናውን እያየ ግን ሣር መጋጥ ከሚችልበት ርቀት ጀምሩ። መጋጡን ካቆመ በጣም ቀርባችኋል። አብሮት የሚሄድ የረጋ አሮጌ ፈረስ ካገኛችሁ ሥራው ግማሹ አለቀ። ሲደነብር ገመዱን አንቃችሁ አትያዙት፤ ዞሮ ይየው። የዓይን መከለያ ከጎን ያለውን ይሸፍንለታል እንጂ ፍርሃቱን አያስለቅቀውም።

ደህና የነበረው በአንድ ጊዜ ተበላሸ

አስቀድማችሁ ሕመም ፈልጉ። በጣታችሁ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች ጫን ጫን እያላችሁ እለፉ። አንድ ቦታ ላይ ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ የጋሪው ማሰሪያ እያቆሰለው ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ሳይድን ጨርቅ ደርቦ ማሠራት ልማድ ሆኗል። ጨካኝ ልማድ ነው።

ዕድሜውንም እዩ። የጀርባ አጥንቱ ከ5 ዓመት በኋላ ነው እድገቱን የሚጨርሰው። በ2 ዓመቱ ጋሪ የተጫነበት ፈረስ ቢያምፅ አይፈረድበትም።

እጅ ይነክሳል

ከወንጂ የመጣ አገዳ በመዳፋችሁ ታጎርሱታላችሁ፣ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ ባልዲ ውስጥ ይሁን።