ገና አልፎ ሐዘኑ ሲቀር፦ እንዴት ተስፋ እናድርግ?

በዓሉ ያልፋል፤ ሕመሙ፣ ሐዘኑ፣ የቤቱ ጭንቀት ግን ከነበረበት አይነቃነቅም። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው «እምነቴ ቀዘቀዘ» እያለ ራሱን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የልደቱን ታሪክ ከእረኞቹና ከሰብአ ሰገል ሳናልፍ ማቆማችን ነው።

ስለዚህ ከማቴዎስ 2፥13–23 ይጀምሩ። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ይሸሻል፤ ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስገድላል፤ በትንቢቱ ቃል የያዕቆብ ሚስት ራሔል ስለ ልጆቿ ታለቅሳለች፣ መጽናናትንም እንቢ ትላለች። ወንጌላዊው ዝም አላሰኛትም። ቃሉ የኤርምያስ 31፥15 ነውና ወደዚያ ሄደው ቁጥር 16ንና 17ን ጨምረው ያንብቡ፤ ተስፋው የሚመጣው ከልቅሶው ቀጥሎ ነው።

ከዚያ መዝሙር 13ን (በግእዙ አቆጣጠር 12ን) ይያዙ። ስድስት ቁጥር ብቻ ናት፦ 1–2 አቤቱታ፣ 3–4 ልመና፣ 5–6 መታመን። በዚሁ ቅርጽ የራስዎን ጸሎት በወረቀት ይጻፉ። ዳዊት «እስከ መቼ» የሚለው አራት ጊዜ ነው፤ እርስዎም አራት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። «ችግሬ» ብለው አይሸፍኑት፤ የበሽታውን ስም፣ የሞተብዎትን ሰው ስም ይጥሩ። ልመናው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፣ ለዛሬ የሚሆን። የመታመኑ ክፍል አልወጣ ካለ ቦታውን ባዶ ይተዉት። መዝሙር 88 (በግእዙ 87) እንኳ አንዳች የመጽናኛ ቃል ሳይኖረው ይዘጋል፤ ያም ሆኖ ጸሎት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አቤቱታውን ዘለው ወደ ምስጋናው ሲሮጡ ነው። ምስጋናው የከንፈር ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ጸሎቱም ይቋረጣል። በሮሜ 5፥3–5 ቅደም ተከተሉ መከራ፣ ትዕግሥት፣ ፈተና፣ ተስፋ ነው፤ አራተኛውን በመጀመሪያው ቀን ማጣት ውድቀት አይደለም። ወረቀቱ ላይ ቀን ይጻፉበት፤ በሳምንቱ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡትና የተለወጠውን ያርሙ።

እንቅልፍና ምግብ ለሁለት ሳምንት ከራቀዎ ሐኪም ያማክሩ። ሞትን መመኘት ከመጣ ደግሞ አንድ ቀን አያሳድሩት፤ ዕለቱኑ ለሰው ይናገሩ፣ ሕክምናም ይሂዱ።

ያዘነ ሰው የሚጠይቁ ከሆነ ሮሜ 8፥28ን («እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ ይደረጋል» የሚለውን) ለመጥቀስ አይቸኩሉ፤ ጥቅሱ እውነት ነው፣ ሰዓቱ ግን አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።